ስወጣ ተከትሎኝ የሚወጣ ዘበኛ

አርብ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በአንዲት የቆላ ከተማ የክትባት ማከማቻ ውስጥ፣ አሥር ሰዓት ላይ የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚጠብቃት የማከማቻው ኃላፊ ሲስተር አስካለ፣ የፍሪጁን ሙቀት የሚጠብቀውን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ አሁን ደግሞ ሊመሰክርባት ከክልል የመጣውን ወጣት ያፌትን በሩ ላይ ይዛዋለች።

አስካለ፦ አልፈርምም አልኩህ! ይሄን ቅደድና ሌላ ጻፍ።

ያፌት፦ ሲስተር፣ ተስማምቻለሁ ብለው ይፈርሙ አላልኩም እኮ። ደርሶኛል ብለው ነው። የባለሙያ ሪፖርት ነው፤ ለኮሚቴው ይቀርባል፣ አለቀ።

አስካለ፦ ባለሙያው ማነው?

ያፌት፦ እኔ ነኛ።

አስካለ፦ ፕሮግራሙን የሠራውስ?

ያፌት፦ እኔ።

አስካለ፦ ፕሮግራሙ አጥፍቷል አላጠፋም ብሎ የመረመረውስ?

ያፌት፦ እኔው ነኝ፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለማ!

አስካለ፦ እሰይ የኔ ጌታ! ከሳሽም አንተ፣ ምስክርም አንተ፣ ዳኛም አንተ። አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ አለች አህያ። በል ጮክ ብለህ አንብበው፤ ለዚህ ወረቀት መነጽሬን አላወጣም።

ያፌት፦ «ፍሪጁ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተበላሽቷል። የጥበቃ ፕሮግራሙ ወደ ኃላፊዋ ስልክ የማስጠንቀቂያ መልእክት ያልላከው፣ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በተጠቃሚ ትእዛዝ ተዘግቶ ስለነበረ ነው። ተጠቃሚዋ ሲስተር አስካለ ናቸው። በፕሮግራሙ ላይ ምንም ጉድለት አልተገኘም።»

አስካለ፦ ምንም ጉድለት! አራት ሺህ ሕፃን የሚከተብበት የኩፍኝ ክትባት ተበላሽቶ፣ ሰኞ ጠዋት ፍሪጁን ስከፍት ሙቀቱ እንደ ትኩስ ሾርባ ፊቴን መታኝ፤ ምንም ጉድለት የለም!

ያፌት፦ ጉድለት የለም አልተባለም። ፕሮግራሙ ላይ የለም ነው የተባለው።

አስካለ፦ እኔ ላይ ነው ያለው።

ያፌት፦ እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ኮምፒውተር አይዋሽም ሲስተር። ከማንም ጋር ጠብ የለውም።

አስካለ፦ እሱስ ከማንም ጋር ጠብ የለውም። አንተ ነህ የገዛ ሥራህን መንካት ፈርተህ እኔ ላይ የወጣኸው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

ያፌት፦ እንዲህ ከሆነ መግባባት አንችልም። ቀስ ብዬ ላስረዳዎት። ቴክኖሎጂው ትንሽ ለእናንተ ዘመን ሰው ይከብዳል፣ አውቃለሁ።

አስካለ፦ አስረዳኝ እንጂ! ለኔ ዘመን ሰው ደህና አድርገህ፣ ቃል በቃል አስረዳኝ።

ያፌት፦ ይሄ ፕሮግራም ከጀርባ የሚሠራ ነው። እንደ ሌላው መስኮት ከፍቶ ፊት ለፊት አይታይም። ዝም ብሎ ተቀምጦ በየደቂቃው ሙቀቱን ያነባል፤ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ስልክዎ ላይ ይጮሃል።

አስካለ፦ እስከዚህ ገባኝ፤ ይገርማል፣ አይደል?

ያፌት፦ ታዲያ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ ነገር ሊሆን ሲል፣ ኮምፒውተሩ ለፕሮግራሞቹ ሁሉ መልእክት ይልካል። ሰውየው ሎግ ኦፍ አድርጎ፣ ማለት ኮምፒውተሩን ሳያጠፋ ስሙን ዘግቶ ሲወጣ «ሰውየው ሊወጣ ነው» ይላል። ኮምፒውተሩ ራሱ ሊጠፋ ሲልም «ልጠፋ ነው፣ ተዘጋጁ» ይላል። ፕሮግራሞቹ ጥቂት ሰከንድ አላቸው፤ በእጃቸው ያለውን ጽፈው፣ ሰብስበው ይዘጋሉ። የዘገየውን ኮምፒውተሩ ራሱ ይገድለዋል።

አስካለ፦ ሰው ሲወጣና ቤቱ ሲፈርስ አንድ ዓይነት መልእክት ነው የሚላከው?

ያፌት፦ አይ፣ ይለያያሉ። እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው።

አስካለ፦ ያንተ ፕሮግራም ይለያቸዋል?

ያፌት፦ ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መዝገቡ እንደሚያሳየው አርብ አንድ ቀን ብቻ አይደለም የዘጉት። ልናገረው አልፈለግሁም ነበር፤ ለእርስዎ ብዬ። አሥራ አምስት የሥራ ቀን በተከታታይ፣ ማታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ዘግተውታል። ይሄ ልማድ ነው። ኮሚቴው ይሄን ቢሰማ ምን እንደሚል ያውቃሉ?

አስካለ፦ ማታ ዘጋሁት፤ ጠዋት ማን ከፈተው?

ያፌት፦ እርስዎ ሲገቡ ራሱ ይነሳል። እንዲያ አድርጌ ነው የሠራሁት።

አስካለ፦ ስለዚህ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ፍሪጁ አጠገብ፣ ዓይኔ ሙቀት መለኪያው ላይ ሆኖ ሳለ ይጠብቃል። እኔ ስሄድ ይተኛል።

ያፌት፦ እንደዛ ሲሉት…

አስካለ፦ አሠሪው ሲያየው የሚቆፍር፣ ዞር ሲል ዶማውን ተደግፎ የሚያንቀላፋ የቀን ሠራተኛ አይተህ አታውቅም? እኔ አባርሬ አውቃለሁ። ያንተን ግን በኮምፒውተር ስለሆነ ሰው ያጨበጭብለታል።

ያፌት፦ የተኛው ስለዘጉት ነው እላለሁ!

አስካለ፦ እኔ ፕሮግራም አልዘጋሁም። ሎግ ኦፍ አድርጌ ወጣሁ። ስሜን ይዤ ወጣሁ፤ ኮምፒውተሩ በርቶ አደረ። አሥራ አምስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ከዚያ በፊት በሰባት ወር አንድም ቀን አላደረግሁም። ምን ሆኜ ጀመርኩ?

ያፌት፦ እኔ በምን አውቃለሁ።

አስካለ፦ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን አንብብ።

ያፌት፦ የቱን?

አስካለ፦ ማኅተም ያለበትን። ዓይንህ ለማኅተም አይታማም።

ያፌት፦ «ማንኛውም ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ ሎግ ኦፍ ሳያደርግ ኮምፒውተሩን ትቶ መሄድ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ይህን በሚተላለፍ ሠራተኛ ላይ…» ይሄ ሰርኩላር ነው። ያወጣነውም በምክንያት ነው፤ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊዋ ክፍት ትታው በሄደችው ኮምፒውተር ሌላ ሰው ገብቶ ሁለት መቶ የሠርግ ጥሪ ወረቀት አትሞ ተገኘ።

አስካለ፦ ቀኑ መቼ ነው?

ያፌት፦ የዛሬ አራት ሳምንት።

አስካለ፦ የፈረመው?

ያፌት፦ ፊርማው ደህና አይነበብም።

አስካለ፦ ፊደሉ ደቀቀብህ? መነጽሬን ላውስህ?

ያፌት፦ እኔ ነኝ። በክፍሉ ኃላፊነቴ ነው የፈረምኩት። ፕሮግራሙና ሰርኩላሩ የተለያየ ጉዳይ ነው።

አስካለ፦ አንዱን እጅህ ሠራው፣ አንዱን እጅህ ፈረመው፤ ሁለቱ እጆችህ ግን አይተዋወቁም! እንደ እምቢተኛ ሰው ሰርኩላርህን ንቄ ብሄድ ኖሮ ክትባቱ ደህና ነበር። እኔ ሞኟ ታዘዝኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መታዘዝ ለምጄ፣ በመታዘዜ ልባረር ነው።

ያፌት፦ ማንም ይባረራሉ አላለም።

አስካለ፦ የኮሚቴው መጥሪያ «የሥራ ውል እስከማቋረጥ» ይላል። አንተ አላነበብከውም፤ አንተን አይመለከትማ! በል የመጀመሪያ ጥያቄዬን መልስ። ፕሮግራምህ ሰው ሲወጣና ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ይለያል አይለይም?

ያፌት፦ ሲስተር፣ በቴክኒክ ደረጃ ውስብስብ ነው።

አስካለ፦ ምንም ውስብስብ የለውም። ጋሽ ዘርጋውን በር ላይ አይተኸዋል አይደል፣ ዘበኛችንን? ማታ ስወጣ «ደህና እደሪ» ይለኛል፤ ይቀመጣል። ተከትሎኝ ቤቴ አይመጣም! ግቢው ቢቃጠል ደግሞ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሮጦ ይወጣል። አራተኛ ክፍል ነው የተማረው። ሁለቱን ነገር ግን ለይቶ ያውቃል። ያንተው ዘበኛ እኔ ቦርሳዬን ሳነሳ ኮቱን ለብሶ አብሮኝ ይወጣል።

ያፌት፦ ዘበኛና ፕሮግራም አይነጻጸርም።

አስካለ፦ አዎ፣ ጋሽ ዘርጋው ይከፋዋል።

ያፌት፦ እሺ! እሺ! ማንኛውም የመዝጊያ መልእክት ሲመጣ ጽፎ እንዲወጣ ነው የተደረገው። ማንኛውም። አልለየሁትም። ግን ለምን እንደዛ እንደሆነ አያውቁም! እናንተው ናችሁ ያስደረጋችሁኝ።

አስካለ፦ እኛ?

ያፌት፦ ክረምት ላይ መብራት ሲሄድ፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ኮምፒውተሩ «ልጠፋ ነው» እያለው ፕሮግራሙ አልሰማ ብሎ ሲገደል የቀኑ የሙቀት ንባብ ሁሉ ይጠፋ ነበር። አቤቱታ የጻፈው ማነው? እርስዎ! ሦስት ገጽ!

አስካለ፦ አራት ገጽ ነው። አላነበብከውም ማለት ነው።

ያፌት፦ ስለዚህ አስተካከልኩት። መልእክት ሲሰማ ያለውን መዝግቦ በሥርዓት እንዲወጣ አደረግሁት። ከዚያ ወዲህ አንድም ንባብ ጠፍቶ አያውቅም።

አስካለ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። መጀመሪያ ደንቆሮ ነበር፤ አቤት ስንል ፈሪ አደረግኸው። አሁን በር ኮሽ ባለ ቁጥር ይሞታል፤ ከመሞቱ በፊት ግን በጥሩ ጽሕፈት ይመዘግባል! ለመሆኑ ካስተካከልከው በኋላ ሞክረኸዋል?

ያፌት፦ ሞክሬዋለሁ እንጂ! አንድ ሳምንት ሙሉ ቢሮዬ ውስጥ ሠርቷል።

አስካለ፦ ቢሮህ ስትወጣ ሎግ ኦፍ ታደርጋለህ?

ያፌት፦ እኔ… ላፕቶፕ ነው፤ ክዳኑን ነው የምንዘጋው። ከኛ ክፍል ማንም ሎግ ኦፍ አያደርግም።

አስካለ፦ ሰርኩላሩን የጻፈው ክፍል!

ያፌት፦ ሲስተር፣ እየሰደቡኝ ነው።

አስካለ፦ ገና ነኝ። ና እዚህ ተቀመጥ። ፍሪጁ ባዶ ነው፤ ከእንግዲህ የሚበላሽ የለውም። የሙቀት መለኪያውን ሽቦ አውጥቼዋለሁ። ፔርሙዙ ውስጥ ሙቅ ውሃ አለ፤ ብርጭቆ ላይ እቀዳዋለሁ። በራስህ ስም ግባ፤ የኔን ስም አትንካ። መልእክቱም ወዳንተ ስልክ ይምጣ፤ የሷ ስልክ ዝግ ነበር እንዳትል።

ያፌት፦ ይሄ የምርመራ ሥርዓት አይደለም።

አስካለ፦ የምርመራ ሥርዓትህን አየነው። ግባ!

ያፌት፦ እሺ ገባሁ። ይኸው ፕሮግራሙ ተነሳ። ቁጥሩን ወደ ስልኬ ቀየርኩት።

አስካለ፦ ሽቦውን ብርጭቆው ውስጥ ነከርኩት። ጠብቅ።

ያፌት፦ ሁለት ደቂቃ ይፈልጋል… ይኸው! ይኸው መጣ! «ማስጠንቀቂያ፤ ሙቀት ስልሳ አንድ።» ሰሙ? ስልኩ ሲጮህ ሰሙ? ይሠራል!

አስካለ፦ እልል ልበል? ሽቦውን አወጣሁት። አሁን በሰርኩላርህ መሠረት፣ እንደ ጥሩ ሠራተኛ፣ ሎግ ኦፍ አድርገህ ተነስ። ውሃውን ቀይሬዋለሁ። ነከርኩት።

ያፌት፦ ወጣሁ።

አስካለ፦ እንግዲህ ሁለት ደቂቃ። ቁም፣ ጥፍርህን አትብላ።

ያፌት፦ ገና ነው፣ ይመጣል።

አስካለ፦ ሦስት ደቂቃ ሆነ።

ያፌት፦ ኔትወርክ ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ኔትወርክ…

አስካለ፦ ቆይ ልደውልልህ። ጠራ?

ያፌት፦ ጠራ።

አስካለ፦ የስልክህ ጥሪ ደግሞ ጥሩ ዘፈን ነው። ሌላ ምክንያት አምጣ።

ያፌት፦ ውሃው ቀዝቅዞ ይሆናላ።

አስካለ፦ ጣትህን ክተት።

ያፌት፦ ኧረ! አቃጠለኝ እኮ!

አስካለ፦ አንተንስ አቃጠለህ፤ ፕሮግራምህ ግን አልሰማም። አምስት ደቂቃ። በል መልሰህ ግባና መዝገቡን አንብብልኝ፣ ቃል ሳታስቀር።

ያፌት፦ «ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሦስት። በተጠቃሚ ትእዛዝ ተዘጋ። ተጠቃሚ…»

አስካለ፦ ተጠቃሚ ማን?

ያፌት፦ እኔ።

አስካለ፦ ለምን ዘጋኸው?

ያፌት፦ አልዘጋሁትም! ወጣሁ እንጂ መች ዘጋሁት!

አስካለ፦ እህ? ኮምፒውተር አይዋሽም ብለኸኝ ነበር። ከማንም ጋር ጠብ የለውም ብለኸኝ ነበር። አሁን እሱን ልመን አንተን?

ያፌት፦ ቃሉን እኔ ነኝ የመረጥኩት። ፕሮግራሙ ሲዘጋ የሚጽፈውን ዓረፍተ ነገር እኔ ነኝ አስቀድሜ የጻፍኩለት። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሰጠሁት። ሌላ የሚዘጋበት ምክንያት ይኖራል ብዬ አላሰብኩም።

አስካለ፦ ባላሰብከው ዓረፍተ ነገር እኔ ልባረር።

ያፌት፦ ይቀመጡ ሲስተር። በሰውኛ እንነጋገር። ጥፋቱን አየሁት፤ አልክድም። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፣ አሁኑኑ ላስተካክለው እችላለሁ። ግን ሪፖርቱን ከለወጥኩት… በሚቀጥለው ሳምንት ይሄ ፕሮግራም ለመላው ክልል እንዲዳረስ ለኃላፊዎች የማቀርበው እኔ ነኝ። አለቃዬ ሲሸኘኝ «ፕሮግራሙን እንዳታስነካ» ነው ያለኝ። ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ።

አስካለ፦ እና?

ያፌት፦ እና ኮሚቴው ፊት ለእርስዎ እናገራለሁ። «ባለማወቅ ነው፣ ሥልጠና አልተሰጣቸውም» እላለሁ። ማስጠንቀቂያ ብቻ ይሰጥዎታል። ማስጠንቀቂያ ምን አላት? ማኅደር ውስጥ ትገባለች፣ ማንም አያያትም።

አስካለ፦ ባለማወቅ። እኔ።

ያፌት፦ ለመውጫ ያህል ነው እኮ!

አስካለ፦ ስማ፣ ልጅ። ማክሰኞ ዕለት ከገጠር ልጆቻቸውን አዝለው ሦስት ሰዓት በእግር የመጡ እናቶች እዚህ በር ላይ ተሰልፈው ነበር። «ክትባት የለም፣ ተመለሱ» ያልኩት እኔ ነኝ። አንዷ «ሲስተር፣ ባለፈውም አንቺ ነሽ የከተብሽልኝ፣ ዛሬ ምን አጠፋን?» አለችኝ። ምን ልበላት? አፈርኩ። በሃያ ሁለት ዓመት እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ቤቴ ከዚህ አሥር ደቂቃ ነው! ያ ስልክ ቅዳሜ አንድ ጊዜ ቢጮህ፣ በሌሊት ልብሴም ቢሆን ሮጬ መጥቼ በበረዶ ሣጥን አወጣው ነበር፤ አንድ ጠርሙስ አይበላሽም ነበር። እና አንተ ባለማወቅ ነው ትልልኛለህ። እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖር፣ ሰው እንዴት አድርጎ እንዲህ ዓይኑን በጨው እንደሚታጠብ ነው!

ያፌት፦ እኔ የልጆች ጠላት አይደለሁም።

አስካለ፦ ጠላትማ ቢሆን ይጠነቀቁታል።

ያፌት፦ እሺ ምን ላድርግ? ማስተካከያውን ልጀምር? ቀላል ነው፤ ምንም መልእክት እንዳይሰማ አደርገዋለሁ። ማንም ይውጣ ማንም ይግባ ንቅንቅ አይልም።

አስካለ፦ ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው አሉ! ንባቡን አፉ ውስጥ እንደያዘ ወደሚሞተው ወደ ክረምቱ ደንቆሮ መለስከው እኮ! ከደንቆሮና ከፈሪ ሌላ አታውቅም? ሰው ሲወጣ «ደህና እደሪ» ብሎ ይቀመጥ። ቤቱ ሲጠፋ ጽፎ፣ «ልጠፋ ነው» ብሎ ለሰው ተናግሮ ይውጣ። ሁለት ነገር! ለኔ ዘመን ሰው እንኳ ገባኝ።

ያፌት፦ ልክ ነው። ልክ ነዎት። መልእክቱን ለይቼ… አዎ። ትንሽ ነው ሥራው።

አስካለ፦ ትንሽ ከሆነ ስምንት ወር ምን አስቀመጠህ? አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄ ፕሮግራም እዚህ ብቻ ነው ያለው?

ያፌት፦ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዙር አሥራ ሁለት ማከማቻ ነው።

አስካለ፦ ሁሉም ያው ናቸው?

ያፌት፦ ያው ናቸው። አንድ ዓይነት።

አስካለ፦ ሰርኩላሩስ ለስንቱ ደረሰ?

ያፌት፦ ለሁሉም… ለአሥራ ሁለቱም።

አስካለ፦ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?

ያፌት፦ አርብ ነው። አርብ… ኧረ በማርያም! ሰኞም በዓል ነው! ሦስት ቀን ማንም አይገባም! አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ሎግ ኦፍ አድርገው ሊሄዱ ነው!

አስካለ፦ ጥሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ይታዘዛሉ።

ያፌት፦ ስንት ሰዓት ነው? ዘጠኝ ከሩብ። አሥራ አንድ ቦታ በሁለት ሰዓት ሄጄ አላስተካክልም። ከዚህ ሆኜም መግባት አልችልም፤ ኢንተርኔት ያላቸው ሦስቱ ብቻ ናቸው። ኢሜይል ልላክ…

አስካለ፦ ላክ። ማክሰኞ ያነቡታል።

ያፌት፦ ስልክ! ስልክ ልደውል! የኃላፊዎቹ ስልክ… የለኝም። የአንዳቸውም የለኝም።

አስካለ፦ ስምንት ወር አብረሃቸው ሠርተህ?

ያፌት፦ ከቢሮ ኃላፊዎቹ ጋር ነበር የምነጋገረው። ማከማቻው ውስጥ ያሉትን… አልተዋወቅንም። ሲስተር፣ እርስዎ ያውቋቸዋል። እባክዎ! ይደውሉላቸው! እለምንዎታለሁ፣ ስንት ሺህ ክትባት ነው!

አስካለ፦ አሁን ክትባት ሆነ? ቅድም «መዝገቡ እንደሚያሳየው» ነበር።

ያፌት፦ ይስደቡኝ፤ ይገባኛል። ግን ይደውሉ! ሪፖርቱን ቀይሬ እጽፋለሁ፤ የፈለጉትን እጽፋለሁ። መጀመሪያ ይደውሉ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው!

አስካለ፦ ሪፖርቱን ለማስቀየር ብዬ ክትባት ይዤ የምደራደር መሰለህ? በክትባት? እኔ?

ያፌት፦ ታዲያ ምን እየጠበቁ ነው?

አስካለ፦ ምንም። ሰኞ ማታ ከጋሽ ዘርጋው ጋር ሆኜ ይሄንኑ የውሃ ነገር ሞከርነው። ሁለት ጊዜ ስንሞክር ጉዱ ገባን። ማክሰኞ ጠዋት እናቶቹን ከመለስኩ በኋላ ለአሥራ አንዱም ደወልኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ አንዳቸውም ሎግ ኦፍ አላደረጉም። የሚመጣውን ሦስት ቀንም ዘበኞቹ ቁልፍ ይዘው ጠዋትና ማታ ሙቀቱን በእጃቸው እየጻፉ ይጠብቃሉ።

ያፌት፦ ማክሰኞ? አራት ቀን ሙሉ… ሰርኩላሩን ጥሰው?

አስካለ፦ ሰርኩላርህን ጥሰው።

ያፌት፦ ማንም አልነገረኝም።

አስካለ፦ ለማን ይነገራል? የአንዳቸውም ስልክ የለህም፣ የአንተንም አንዳቸው የላቸውም።

ያፌት፦ ታዲያ… ለእኔ ምን ቀረኝ?

አስካለ፦ ሪፖርቱ ላይ በኔ ስም ፋንታ ያንተን ስም መጻፍ። ሥራህንማ ሠርተንልሃል።